ጤፍና ባሻ ሲላመዱ

ይድረስ ለልጄ እንጀራ እናት፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ የአሌክሳንድሪያው ቤታችሁስ እንዴት ነው? እንዳልካቸው ወገቡን ተሻለው? እኔና ሔራን በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። ሲልቨር ስፕሪንግ ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም።

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ሳትገረሚ አትቀሪም። ስልክ አንሥቼ ነበር፤ ድምፄ እንደሚያሳብቅብኝ ሳውቅ መለስኩት። ቴክስት ላድርግልሽ ብል ደግሞ አጭር ቃል ቁጣ ይመስላል። ስለዚህ ይኸው።

ቀንቼብሻለሁ። በእንዳልካቸው አይደለም፤ እሱንማ አንቺ ከመምጣትሽ ቀደም ብሎ እኔው ነኝ የተውኩት። የቀናሁት በልጄ ነው። አንቺ ዘንድ ውላ በተመለሰች ቁጥር ፀጉሯ እኔ በማላውቀው አሠራር ተሠርቶ ይመጣል። "እሷ እኮ ስትሠራኝ አያመኝም" ትለኛለች። ሹሩባውን የምፈታላት ጥርሴን ነክሼ ነበር። አንቺ ደግሞ ስታገኚኝ "እርስዎ" ትይኛለሽ። ለአክብሮት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን "አርጅተሻል" ያልሽኝ ያህል ይቆጠቁጠኝ ነበር።

በዚህ ላይ የጥንቸሎቹ ነገር መጣ። ጤፍን የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ ስሟንም እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ቀይ ጤፍ የመሰለች፣ ከሁለት መዳፍ የማትበልጥ ፍጥረት። ሔራን ያንቺን ግዙፍ ጥንቸል፣ ባሻን፣ ካየች ወዲህ ግን አላስቀመጠችኝም። "ማሚ፣ ሺ ኢዝ ሎንሊ፤ ብቸኝነት ይዟታል። ጥንቸል ብቻዋን አትኖርም" ትላለች። እኔም እንቢ አልኩ። ውሻ የሚያህል እንስሳ ይረግጣታል፣ ይጨፈልቃታል አልኩ። የፈራሁት ግን ሌላ ነው። አንዴ ከተላመዱ መለያየት ግፍ እንደሆነ የእንስሳት ሐኪሙ ነግሮን ነበር። አንቺ ቤት ከቀሩ ልጄም ተከትላቸው ልትቀር ነው። ያንቺ ሠፈር ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል መጠየቅ ጀምራ ነበር እኮ!

ለምና ለምና አሸነፈችኝ። አንዱ በሌላው ቤት ከተገናኙ ይጣላሉ ስለተባለ፣ ጓደኛዬ አብርሆት ፔትዎርዝ ያለውን የቤቷን ምድር ቤት ሰጠችን። አስቀድመን ድርቆሻቸውን እያለዋወጥን ሽታ ለሽታ አለማመድናቸው። ከዚያ አንቺ ባሻን፣ እኔ ጤፍን ይዘን ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ ሔራን መሐላችን። ባሻ ቀስ እያለ፣ እየተለማመጠ መጣ። የኔዋ ግን ዘላ ጆሮውን ዘለዘለችው! ያ ሁሉ ሰውነት ጥግ ገብቶ ተሸጎጠ። ሔራን ጮኸች፤ አንቺ በፎጣ ደሙን ያዝሽለት። እኔ አፌ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይላል፤ ሆዴ ግን "ጎሽ የኔ ልጅ!" ይል ነበር።

"በቃ ይቅር" ትያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። አንቺ ግን "ክፋት አይደለም፤ ፈርታ ነው። ትንሽ ስለሆነች ቀድማ መምታት አለባት" አልሽ። ስለማን እንደምታወሪ ግራ ገባኝ።

እሺ ብዬ መመላለሱን ቀጠልኩ። አንዳንዴ ይሳደዳሉ፣ አንዳንዴ ጀርባ ይሰጣጣሉ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ባሻ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ግንባሩን ከጤፍ አፍንጫ ሥር አስገባ። "ላሺኝ ማለቱ ነው" ብለሽ አንሾካሾክሽ። ጤፍ አሸተተችው፤ ዞረችው፤ ተመልሳ መጣችና ያን የነከሰችውን ጆሮ መላስ ጀመረች። ሔራን እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ዘላ ተነሣች። የተጠመጠመችው አንቺ ላይ ነው። እኔም አጠገቧ ነበርኩ፤ እጄን ዘርግቼ ነበር። የተዘረጋውን እጄን ምን ላድርገው? የጤፍን ቅርጫት እንደማነሣ አስመሰልኩ። ከዚያ ውሃ ልጠጣ ብዬ አብርሆት ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ።

ስመለስ ሔራን መኪናው ጋ ሄዳለች። አንቺ ብቻሽን ነሽ። "ጤፍን ውሰጃት" ለማለት ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር፤ ቀደምሽኝ። "ባሻ ወደ እናንተ ይሂድ" አልሽኝ። ባሻ! እዚህ አገር ሰው ሳይኖርሽ አብሮሽ የኖረው! "ሔራን ከእርስዎ ቤት መራቅ የለባትም፤ እኔ ያንን አልፈልግም" አልሽ። "አንቺስ?" ብልሽ ፊትሽን ወደ ባሻ አዞርሽ።

ባሻን እንድትሰጪኝ እጄን ዘረጋሁ። ልታነሺው ጎንበስ አልሽና መልሰሽ ቀና አልሽ፤ መዳፍሽ ሆድሽ ላይ አረፈ። "እርስዎ ቢያነሡት ይሻላል፤ ከባድ ነው" አልሽኝ። ያንን ጥንቸል እንደ ሕፃን ታቅፈሽ ደረጃ ስትወርጂ ስንት ጊዜ አይቼሻለሁ! አየሁሽ፤ አየሽኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሲክስቲንዝ ስትሪት ላይ መሪውን ይዤ እንደገና ቀናሁብሽ፤ ከበፊቱም ይልቅ። ሔራን ከኔ ለዓመታት ለምና ያጣችውን ታናሽ አንቺ ዘንድ ልታገኝ ነው። እሷ ከኋላ ወንበር ለባሻ ታንጎራጉራለች፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ አለቅሳለሁ። ቤት ስንደርስ ግን ወጥቶልኝ ነበር ልበልሽ? ሁሉም አልወጣልኝም። ግን ቀለል አለኝ።

አሁን ሁለቱም ሳሎናችን ውስጥ ናቸው። ጤፍ ከሥሩ ተሸጉጣ ትተኛለች፤ ከላይ ላያት ሰው የሱ መዳፍ ትመስላለች። በር በተከፈተ ቁጥር ባሻ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ይነሣል፤ እኔ መሆኔን ሲያይ ተመልሶ ይጋደማል። ሰላጣ በእጄ እያጎረስኩት እንኳ አንቺን ነው የሚፈልገው። እንግዲህ በጥንቸልም ይቀናል?

ለሔራን ምንም አልነገርኳትም። አንቺው ንገሪያት፤ ከአንቺ አፍ ስትሰማው ደስታዋን ማየት ይገባሻል። የኔን ደግሞ እኔ እችለዋለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብቅ በይ፤ ባሻ አንቺን ናፍቋል። አሳንሰራችን ተበላሽቷልና ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውጪ። ስትደርሺ ሶፋው ላይ ቁጭ በይ፤ አንቺ አትጎንበሺ፤ እኔ አንሥቼ እሰጥሻለሁ።

እመቤታችን በሰላም ታድርስሽ፤ ጥላዋን ከቤታችሁ አታንሣ።

የሔራን እናት