ከማንጎው ሥር ስለሚቆፈረው ጉድጓድ

አሶሳ፣ ግንቦት ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ የከተማችን የመስህብ ቦታዎች አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

የሰማይና የምድር ጌታ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለእኔም ይህችን ደብዳቤ እስክጨርስ የማያልቅ ቀለም ይስጠን።

አሶሳ የክልል ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ እንግዳ የሚጎበኘው ነገር ተፈልጎ ከሰፈራችን ጀርባ ያለው የማንጎ ጥላ በመመረጡ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ እንቅልፍም አሳጥቶኛል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. በሰሌዳው ላይ «የሰው እጅ ያልነካው ጥንታዊ ደን» ተብሎ ስለተጻፈልን እናመሰግናለን። በሰፈራ ከወሎ የመጣን ሰዎች በመጀመሪያው ክረምት ወባ የፈጀብንን እዚያ ቀበርን። ቤተ ክርስቲያን ገና አልተሠራም፤ ለምልክት የሚሆን ድንጋይ እንኳ ብናጣ የአገሩ ተወላጅ ጎረቤታችን ሙርሳል ከገዛ ጓሮው የማንጎ ችግኝ እየነቀለ ሰጠን፣ በየራስጌያቸው ተከልን። ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ከዳር ካለው ዛፍ ሥር ናት። ፍሬውን ለመንገደኛ እንሰጣለን እንጂ እስከ ዛሬ ከእኛ ቤት የቀመሰው የለም። እኛን ከሰው ካልቆጠሩን ሰሌዳው ትክክል ነው።

፪ኛ. ለጎብኚዎች ምቾት ሽንት ቤት እንዲቆፈር መታዘዙ፣ ቦታውም ከዚያው ከዳሩ ዛፍ ሥር በኖራ መከበቡ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል።

፫ኛ. ቢሮዎ ቀርቤ መቃብር ነው ብል፣ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና አገሬ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሥቼ በሩን እይዛለሁ። ክልሉ አዲስ ነው፤ ማን ነባር፣ ማን መጤ እንደሆነ በየሻይ ቤቱ ይወራል። አጽም አለኝ ማለቴ መሬት አለኝ ማለት እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ስጸልይ ራሴን ጠየቅሁ፤ የምፈራው ለማንጠግቦሽ ነው ወይስ ለራሴ? ለራሴም ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት አልዋሽም። ሙርሳል ግን ሳቀብኝ። «አንተ ቸሩ፣ ችግኝ የኔ ነው። እስቲ እኔን አገርህ የት ነው ይበሉኝ፣ ወላሂ!» ብሎ ይህን ስጽፍ ምስክር ሊሆነኝ አብሮኝ ተቀመጠ።

ልመናዬ አንድ ናት፤ ጉድጓዱ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወርልን።

ደጅዎን በመጥናት የከበርኩ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ከመሬቱ ግን እንዳልነቀል የምሰጋ፣

ቸሩ እሸቴ

ማሳሰቢያ፦ ጉድጓዱ የማይቀር ከሆነ ቆፋሪዎቹን ቀስ በሉ ይበሉልን። ያን ክረምት እኛም በሽተኞች ስለነበርን ጥልቅ አድርገን አልቆፈርንም።