የሰንደቅ ሰፊዋ ኮቬላ ቃል፣ ስለ ቀዩ ጠርዝና ስለ ናርዶ

እኔ የሟቹ የሳልቫቶ ሚስት ኮቬላ፣ በሮካፎስካ ተወልጄ፣ በዚያው አግብቼ፣ በዚያው ሰባ አንድ ዓመት የኖርሁ ሰንደቅ ሰፊ፣ እግሬ ከዳኝ እንጂ ልቡናዬ አልከዳኝም። ዓይኔ መርፌ መቀበል ቢያቅተው ሰው መለየት አላቃተውም። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ፣ በውል ዳኛው ፊት ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ጸሐፊው ቱቾ እኔ የምለውን ብቻ ሳይሆን በዚህ ክፍል የሚባለውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዣለሁ፤ ነገር ተመርጦ ሲጻፍ ምን እንደሚሆን አይቻለሁና።

ቀኑ ጌታችን በተወለደ በአንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ አንድ ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ የቅዱስ ማርቲኖስ በዓል ነው። እዚህ ላይ የቱቾ ብዕር ቆመ።

«እመቤቴ፣ የንጉሥ ስም ይጎድላል። በማን ዘመነ መንግሥት ልበል?»

«ስንት አሉህ?»

«ሁለት ናቸው። ናፖሊ ላይ የዱራሶ ቤት ንግሥት አለች። አቬርሳ ላይ ደግሞ የአንጁው መስፍን ንጉሥ እኔ ነኝ ብሎ ተቀምጧል።»

«በፋሲካ የትኛው ይኖራል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያውስ የክርስቶስን ስም ብቻ ጻፍ። እሱን የሚያወርደው የለም።»

ዳኛው ፊቱን አጨማደደ፤ ግን አልከለከለም። በተሸነፈ ንጉሥ ስም የተጻፈ የእህቱ የጥሎሽ ውል ባዶ ወረቀት ሆኖ እንደቀረ እሱም አይረሳውም።

በአገራችን ሕግ ሴት ያለ ሞግዚት ቃል አትሰጥም። ስለዚህ የባሌ ወንድም ቡፋርዶ ሞግዚቴ ሆኖ በራስጌዬ ተቀምጧል። ሞግዚቴ በአሥራ አንድ ዓመት ያንሰኛል፤ ጡት ሲጥል አስታውሳለሁ። ሕጉ ሰባት ምስክርም ይጠይቃል። ስድስቱ ገብተው ተቀምጠዋል። ሰባተኛው ንብ አናቢው ናርዶ ነው፤ ይህን ቤት ከረገጠ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ዛሬም ከደጃፉ አላለፈም። ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ልጄን ሎይሴን በቀስት የገደለው እሱ ነው።

ይህ ቃል የሚጻፈው ስለ ንብረቴ አይደለም። ያለችኝን ለማካፈል የአንድ ሻማ ጫፍ ነድዶ እስኪያልቅ ይበቃል። የሚጻፈው ይህ ሰው የተሸከመውን ነውር ከትከሻው አውርጄ በራሴ ላይ ለማኖር ነው። ሌላ ሰባተኛ ማግኘት አያቅትም ነበር፤ እኔ ግን ያለ እሱ አልፈልግም። ናርዶ ሰምቶ ምልክቱን ካኖረ፣ በመጪው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ይነበብ። እምቢ ካለ ይቀደድ፤ እኔም ኃጢአቴን ታቅፌ ልሂድ።

አስቀድሞ ትንንሹን ልጨርስ። ቤቱን ለልጄ ለማዜሎ ሰጥቻለሁ፤ የቀረኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ሆኖም ወደ ሸለቆው የሚያየውን የላይኛውን ክፍል የሎይሴ ሚስት ሲካ ዕድሜ ልኳን ትኑርበት። ማዜሎ፣ ሚስትህ ያን ክፍል ለአይብ ማድረቂያ ስትመኘው እንደኖረች አውቃለሁ። አይሆንም። ሲካ በሃያ ሦስት ዓመቷ መበለት ሆና፣ ወደ አባቷ ቤት ልመለስ ሳትል፣ እኔን ስታጥብና ስታጎርስ ፀጉሯ ሸበተ። ትልቁ የመዳብ ድስትና የወይራ እንጨት አልጋዬም የእሷ ነው።

ለቡፋርዶ የባሌን ካባ ሰጥቻለሁ። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ካባውን በዓይኑ ሲበላው ኖሯል፤ አሁን ብል ቀድሞታል፣ የቀረውን ይውሰድ።

«አሁን ይሄም ይጻፋል?» አለ ቡፋርዶ።

«ይጻፋል።»

«ደግ! ልጆቼ እያነበቡ ይሳቁብኝ።»

መርፌዎቼን፣ መቀሶቼንና የቀረውን ሰማያዊ ሐር ለደናግሉ ገዳም ሰጥቻለሁ። የመሠዊያ ልብስ ይስፉበት፤ ሰንደቅ ግን አይሁን። ከእጄ በወጣ ጨርቅ ሥር ሰው ሲሞት ማየት ይበቃኛል።

አሁን ወደ ሰንደቁ ልምጣ። ሮካፎስካ ድሃ ከተማ ናት፤ ግንቧ መንገዱን ስለሚያይ ግን ሁሉም ይፈልጋታል። የሚዋጉባት ሁለቱ ቤቶች ከፈረንሣይ ነገሥታት አንድ ግንድ የበቀሉ ናቸውና አርማቸውም አንድ ነው፤ ሰማያዊ መደብ፣ የወርቅ አበባ። የሚለያያቸው ጥቂት ቀይ ጨርቅ ነው። አንጁ ዙሪያውን ቀይ ጠርዝ አለው። ዱራሶ ጠርዝ የለውም፤ ከላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ቀይ ምልክት አለው። በዚህች ጥቂት ቀይ የተነሣ ስንት እናት ማቅ ለበሰች! ሸንጎው ሁለት ሰንደቅ ማሰፋት ስላልቻለ «ሁለቱን በአንድ ስፊልን» አለኝ። ሰፋሁ። ማበጠሪያውን አጥብቄ ሰፋሁ፤ ጠርዙን ሰፊ አድርጌ በላዩ ላይ አላልቼ ያዝሁት። ጠርዙን ዙሪያውን የያዘው በሰም የታሸ አንድ ክር ነበር። ቋጠሮው ተፈትቶ ክሩ ቢሳብ ጠርዙ በሙሉ ይወርዳል፣ ማበጠሪያው ብቅ ይላል፣ ከተማዋም የዱራሶ ትሆናለች። ቋጠሮው የት እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰካራም እንዳይስበው ብዬ ደብቄዋለሁ። በብልሃቴም ኮርቼ ነበር። ሴቶቹ ምንጩ ዳር «ኮቬላ ንጉሥ በክር ትሽራለች» እያሉ ሲቀልዱ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጆቼንም እንደ ሰንደቁ ከሁለት አደረግናቸው። ባሌ «ከሁለቱም ቤት አንድ አንድ ልጅ ይኑረን፤ ማንም ቢያሸንፍ ከመሬታችን አንነቀልም» አለ። በአካባቢያችን ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርግ ነበርና እኔም ብልህነት መሰለኝ። ትልቁ ሎይሴ ለዱራሶ፣ ታናሹ ማዜሎ ለአንጁ አደሩ። ሁለቱ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም።

በሺህ ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት በሐምሌ የአንጁ ነገር አበቃ፤ የዱራሶ ሠራዊት ወደ እኛ መውጣት ጀመረ። ሸንጎው ወደ ሰፈሩ መልእክተኛ ልኮ «እስከ ማታ ድረስ ቀዩን ጠርዝ እናወርዳለን፣ በሩንም እንከፍታለን» ብሎ ቃል ገባ። ከዚያ እኔን አውርጂ አሉኝ። በዚያን ሰዓት ማዜሎ ጭኑን ተወግቶ በዚህ አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። ጠርዙ ወረደ ማለት በሩ ተከፈተ ማለት ነው፤ በሩ ከተከፈተ ማዜሎ ግንቡ ላይ ይሰቀላል።

ግንቡ ላይ ወጣሁ። ቋጠሮውን አገኘሁት፤ ፈታሁት። ከዚያ መልሼ ቋጠርሁት።

ወርጄ ለሸንጎው «ዝናቡ ሰሙን አጣብቆታል፤ በጉልበት ከሳብሁት ሐሩ ይቀደዳል፤ እስከ ነገ ጧት ስጡኝ» አልኋቸው። አመኑኝ፤ ስለዚያ ክር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ከሰዓት በኋላ ማዜሎን በገለባ ጭነት ሥር ደብቄ በታችኛው በር በበቅሎ አስወጣሁት። ከዱራሶ ሠራዊት እጅ የሚያወጣውን የሸለቆውን ድልድይ እስኪሻገር አንድ ሌሊት ያስፈልገው ነበርና ጠርዙን አሳደርሁት።

ንጋት ላይ፣ ጭጋጉ ሳይነሣ፣ አንድ ፈረሰኛ ወደ በሩ መጣ። ደረቱ ላይ የዱራሶ ማበጠሪያ ነበረበት። የከተማችን ትእዛዝ የታወቀ ነው፤ ቀዩ ጠርዝ ከሰንደቁ ሳይወርድ፣ ማበጠሪያ ለብሶ፣ መለከት ሳይነፋ የሚቀርብ ይወጋል። ዘበኛው ናርዶ ነበር። ወጋው። የራስ ቁሩን ሲያወልቁለት ሎይሴ ሆኖ ተገኘ። የሎይሴ የጦር ጓደኛ በኋላ እንደነገረኝ፣ ልጄ ከተማዋ ማታውን ጠርዙን አውርዳለች ብሎ አምኖ ነበር። ሠራዊቱን ቀድሞ የመጣው ወንድሙን ቀስ ብሎ ሊያስወጣ ነው። መለከት ያልነፋውም ለዚያ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ምን አደረግሁ? በመቃብሩ አፋፍ በናርዶ ላይ ጮህሁ። በፊተኛው ዓመት ከናርዶ ቀፎ የወጣ የንብ መንጋ ወይናችን ውስጥ ሰፍሮ፣ በዚያ ሰበብ እሱና ሎይሴ ተጣልተው ነበር። «ለአንድ መንጋ ንብ ቂም ይዞ፣ ልጄን አውቆ ገደለው!» አልሁ። ሕዝቡ አመነኝ፤ የእናት እንባ ምስክር አይጠየቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃየል አሉት። በቅዳሴ አጠገቡ የሚቆም ጠፋ። ያጫት የሸክላ ሠሪው ልጅ ቀለበቱን መልሳ ላከች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን ወግቼ አልረሳሁም። በየፋሲካው ለቄስ ተናግሬ በየፋሲካው ተፈትቻለሁ፤ ናርዶን ግን የፈታው የለም።

እንግዲህ የሮካፎስካ ሕዝብ ስማ፦ ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ። ናርዶ የታዘዘውን አደረገ። በጭጋጉም ውስጥ ማን እንደሆነ አላወቀም።

ይህን ስናገር ሲካ የያዘችውን የውኃ ጽዋ መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሣች።

«ሃያ ሁለት ዓመት አጠብኩሽ» አለች። ወጣች። ናርዶ ከደጃፉ ፈቀቅ ብሎ አሳለፋት። ከአልጋዬ የምታገላብጠኝ እሷ ነበረች።

ማዜሎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

«እማ፣ እኔ ድልድዩን ስሻገር ነው እሱ…»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ነገርሽኝ? ሳላውቅ ብሞት ምን ነበረበት?»

ልጄ ሆይ፣ ወንድምህ ሊያወጣህ መጥቶ እንደሞተ ሳታውቅ ከመኖር አውቀህ ብታለቅስለት ይሻለዋል ብዬ ነው። ምናልባትም ስለ ራሴ ነው፤ ብቻዬን መሸከም ደከመኝ።

ከሎይሴ ጎን የቆፈራችሁልኝን ቦታ ለሲካ ትቻለሁ። እኔን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሰው ከሚረግጠው ድንጋይ ሥር ቅበሩኝ።

በቅጥሩ ሥር ያለውን ወይን፣ ንቦቹ የሰፈሩበትን፣ ከነመጭመቂያው ለናርዶ ሰጥቻለሁ። ቡፋርዶ ይህን ሲሰማ ተነሣ።

«ቆይ እንጂ! ያ ወይን የወንድሜ ነው። እኔ ሞግዚትሽ ነኝ፤ ካልፈቀድሁ አይጸናም።»

«አትፈቅድም?»

ወደ ደጃፉ አየ፤ ናርዶን አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጻፍ፣ ቱቾ፣ ጻፍ። ቃየል ብዬ ድንጋይ ከወረወርሁበት አንዱ እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ናርዶ ከደጃፉ ሳይገባ ተናገረ። ድምፁን ረስቼው ነበር።

«እሜቴ፣ ወይኑን አልፈልግም። ለማዜሎ ይሁን።»

«ሌላ የምሰጥህ የለኝም፣ ናርዶ።»

«ምንም አልጠየቅሁ። ቋጠሮውን ፈተው መልሰው ሲቋጥሩት ግንቡ ላይ ነበርሁ። ሸለቆውን ብቻ የምመለከት መስሎዎት ነበር።»



«አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«አንተ ሰው! ታዲያ በመቃብሩ ላይ ስጮህብህ፣ ሕዝቡ ሁሉ ሲተፋብህ፣ ምነው አንዲት ቃል ብትተነፍስ?»

«የዱራሶ ፈረሰኞች መቃብሩ ዳር ቆመው ነበር፣ እሜቴ። ጠርዙ ለምን እንዳደረ ብናገር ተከትለው ማዜሎን ይይዙት ነበር። በኋላ ምሕረት አግኝቶ ሲመለስም ምሕረቱ እንዳይሻርበት ፈራሁ። አንዱን ገድዬብዎታለሁ። ሁለተኛውንም ልድገምዎ?»

ከዚህ በኋላ የምናዘዘው የለኝም። ወይኑ እንደ ናርዶ ቃል ለማዜሎ ይሁን። በፊት የሰጠሁት ሌላ ቃል ቢገኝ ይሻር፤ ይህ ይጽና።

የተናዛዥዋ ምልክት፦ መርፌ፤ በገዛ እጇ የሣለችው።

ሞግዚት፦ ቡፋርዶ፤ ፈቅጃለሁ።

ወራሽ፦ ማዜሎ፤ ሰምቻለሁ።

ሲካ አልተገኘችም።

ምስክሮች፦ ኩቤሎ አንጥረኛው፤ ፔሬሎ የወፍጮው፤ አባ ዶናቶ፤ ሪናልዶ በር ዘጊው፤ ጎፍሬዶ፤ ስቴፋኖ ቆዳ ፋቂው።

ሰባተኛው ምስክር፦ ናርዶ፣ የሌዮኔ ልጅ። ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጽሕፈት ስለማያውቅ መስቀል አኖረ። ስሙ ጮክ ተብሎ እንዲነበብለት ጠየቀ፤ ተነበበለት። እንዲደገም ጠየቀ፤ ተደገመለት።

ይህን ሁሉ እንደ ሰማሁ የጻፍሁት፣ የሮካፎስካ የውል ጸሐፊ ቱቾ።