የሰዓቱን ሆድ ሳላይ አልገዛም

ሐሙስ

የሰዓቱን የኋላ ክዳን አልከፍትም አለኝ። ንፋስ መውጫ ድረስ የመጣሁት በመስታወት ላይ ላፈጥ አይደለም። ባለሱቁ ልጅ እግር ነው። «አባባ፣ ኦርጅናል ነው፤ ፊቱ ላይ ተጽፏል» ይላል። «በሬ ስትገዛ ጥርሱን አታይም?» አልሁት። «በሬ ገዝቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። ጥዬው ወጣሁ።

ለቄሰ ገበዛችን የእጅ ሰዓት እንድገዛ የላከኝ ሰበካ ጉባኤው ነው። አምና በዐቢይ ጾም የእሳቸው ሰዓት ይቸኩል ነበር። ቅዳሴው ከዘጠኝ ሰዓት ቀድሞ እየወጣ፣ አገሩ ሁሉ ጾሙን ሳይሞላ በላ። ጥላዬን በጫማዬ ለክቼ ዘጠኝ አልሞላም ብል የሰማኝ የለም። ጾሙ ሰኞ ይገባል። ዘንድሮ አይደገምም።

ዐርብ

አርብ ገበያ ከተማ ሄድሁ። ሰዓት ሠሪው ታከለ አንድ የሚያብረቀርቅ አዲስ ከፈተልኝ። ጥርሶቹ ፕላስቲክ፣ ግማሽ ሆዱ ባዶ። ይህን አስሮ የሚኮራ ሰው አለ።

ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ ፊቱ የተጫጫረ፣ በእጅ የሚሞላ። ሆዱ ግን ንጹሕ። ጥርሶቹ ናስ፣ ዘንጎቹ ቀይ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ፣ ዝገት የሌለበት። ሞልቼ ከጆሮዬ አስጠጋሁት። አስተኝቼም አቁሜም ሰማሁ፤ ምቱ አልተለወጠም። ገዛሁ።

«አያ፣ የክዳኑ ላስቲክ ስከፍተው ተበጥሷል፤ ልኩ የለኝም። ከውኃ ይጠብቁት» አለኝ ታከለ።

ቅዳሜ

የጉባኤው ሰዎች አሮጌ ገዛህ ብለው ጮኹብኝ። ፊት ብቻ ነው የሚያዩት።

ከዚያ ቄሰ ገበዙ ይባረክ ብለው ጸበል ረጩበት። ውኃ እንዳይነካው ነግሬያቸው ነበር።

«ጸበል ውኃ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ጸበል ነው፤ ለብረት ውኃ ነው» አልኋቸው።

መስታወቱ ከውስጥ አላበው። ሰዓቱ ቆመ። የጉባኤው ጸሐፊ «ክዳኑን ባታስከፍት ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር» ይለኛል። ሳላስከፍት ብገዛ ፕላስቲክ ነበር የምገዛላቸው። ሰዓቱን ከቄሰ ገበዙ እጅ ነጥቄ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ

ክዳኑን ራሴ በካራ ከፈትሁ። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ አቧራ እንዳይገባ ወንፊት ደፋሁበት። ባለቤቴ «ሰው ቅበላውን ይበላል፤ አንተ ብረት ታሰጣለህ» ትላለች። ምሳ አላሰኘኝም።

ወደ ማታ እርጥበቱ ጠፋ። ዝገት አላየሁም። ክዳኑን ገጥሜ ዙሪያውን በጧፍ ሰም አሸግሁት። ሞላሁት፤ ዝም። ነቀነቅሁት፤ ዝም። ተናድጄ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው ስል መምታት ጀመረ።

አሁን ስጽፍም በግራ እጄ ከጆሮዬ ይዤዋለሁ። አልቆመም። ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያድርስልኝ።