አትላስ ላይ ስላልተገኘው አገርና ጠረጴዛዎ ላይ ስለተገኘው ቅጽ ሰባት

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ
ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ ገርበብ ባለው በር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለመላ አካልዎ ጤና፣ ለወገብዎ ብርታት፣ ከሁሉም አብልጬ ደግሞ ለዓይንዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገለጽልዎታል። አሁን ከተናገርኩት ታሪኩ ይበላሻል፤ ታሪክን ቀድሞ ማበላሸት ምን ያህል ከባድ በደል እንደሆነ ደግሞ ከእኔና ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ የውሰት ካርድ ቁጥር 2217 ባለቤት፣ ባለፉት አሥራ አንድ ሰኞዎችም ቢሮዎ ድረስ እየመጣሁ «ቅጽ ሰባት ተለቀቀ ወይ?» ብዬ የምጠይቅዎ ልጅ ነኝ። ጸሐፊዎ «ያቺ የዘንዶዋ ልጅ መጣችልዎ» እያለች ነው የምታስገባኝ። እናቴ ይህን ብትሰማ ቅር ይላት ይሆናል፤ እኔ ግን ከተሰጡኝ ቅጽል ስሞች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነ፣ በመግቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል። የበሩ ጥበቃ ጋሼ ደግሞ ጮክ ብለው ካላነበቡ ስለማይገባቸው፣ በዚህች ደቂቃ በመስኮትዎ ሥር ቆመው እያነበቡት እንደሚሆን እገምታለሁ። ድምፅ እንዳያሰሙ እርስዎ የጻፉላቸውን ሦስት ማስጠንቀቂያም እንዲሁ ጮክ ብለው እንዳነበቡት ይታወሳል። ስለዚህ ጉዳዩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ።

ነገሩ ስለ አንድ ባለ ሰባት ቅጽ ልብ ወለድ ነው። እያንዳንዱ ቅጽ በር ደግፎ ለማቆም የሚበቃ ውፍረት አለው። ውስጡ ሦስት ነገሥታት፣ አንዲት የድልድይ ጠባቂ፣ ለቁጥር የሚያስቸግር ጦረኛ፣ እንዲሁም ሲፈጠር አንድ ክንፍ ብቻ ስለተሰጠው አገሩን ሁሉ በእግሩ የሚያቋርጥ ዘንዶ አለ። ስሙ ረጅም በመሆኑ እኛ ቤት «አንድ ክንፉ» ነው የሚባለው። በቅጽ ስድስት የመጨረሻ ገጽ ላይ ድልድዩ ይሰበርና የድልድይ ጠባቂዋ ከወዲያ፣ አንድ ክንፉ ከወዲህ ይቀራሉ። በመካከላቸው ገደል ነው። ደራሲውም እዚያው ላይ «ቅጽ ስድስት ተፈጸመ» ብሎ እጁን ታጥቦ ይነሣል።

እኛ ቤት ስል እኔንና አያቴን ማለቴ ነው። አያቴ ሠላሳ ስድስት ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠን እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይነዳሉ። ይነዳሉ ያልኩት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ሠራዊቱ በየት ቢያልፍ እንደሚሻል፣ የትኛው ዳገት በዝናብ እንደማይወጣ፣ ፈረሶቹ የት ማረፍ እንደነበረባቸው እየነገሩኝ ነው ስድስቱን ቅጽ የጨረስነው። ስንጀምር «ሽማግሌ ተረት ሲሰማ አያፍርም?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። በሦስተኛው ምዕራፍ ግን ፈረሰኞቹ አቋራጭ አገኘን ብለው ረግረግ ውስጥ ሲገቡ ዘወር አሉና «ቆይ፣ ቆይ፤ እነዚህ ሰዎች መንገድ የሚጠይቁት አፍ የላቸውም እንዴ?» አሉ። ከተሳፈሩ ወዲያ አልወረዱም።

የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ማለዳ አጎቴ መጥቶ ይወስዳቸዋል። አጎቴ ሌላ ከተማ፣ ሐኪም ቤት አጠገብ ስለሚኖር፣ ከእንግዲህ ቤታቸው እዚያ ነው። አጎቴ ደግ ሰው ነው። ሆኖም በዕድሜው ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ጽሑፍ ቢኖር የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ መመሪያ ብቻ ነው፤ ማሽኑ እስካሁን ውኃ የሚያፈሰው ወለሉ ላይ መሆኑን ስመለከት መመሪያውም እንደ ልብ ወለድ ሳይነበብ አልቀረም። ቅጽ ሰባት 610 ገጽ ነው። ከነገ ወዲያ ረቡዕ እጄ ቢገባ እስከ መጨረሻው ዓርብ አሥር ቀን አለን፤ በቀን ስልሳ አንድ ገጽ መሆኑ ነው። ጉሮሮዬን ጠይቄው ተስማምቷል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ አመዘጋገባችሁ ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። መዝጋቢው አዲስ መጽሐፍ ሲደርሳቸው የመጀመሪያውን ቅጠል ብቻ ገልጠው ዘርፉን እንደሚወስኑ ይታወቃል። በዚህ አሠራር «ለልቤ ንግሥት፣ ለውድ ባለቤቴ» ብሎ የሚጀምረው የናፍጣ ሞተር ጥገና መጽሐፍ ዛሬም በፍቅር ልብ ወለድ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። አያቴ ከዚያ መደርደሪያ እውነቱን የተናገረ መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው ስለሚሉ እሱ እንዳለ ይቆይልን። የእኛ መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቅጾች ካርታቸው ከኋላ ስለሆነ በሰላም ልብ ወለድ ተባሉ። ቅጽ ሰባት ግን ካርታው ከፊት ነው። ስለዚህ ጂኦግራፊ ሆነ።

፪ኛ፦ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሳይመረመር ለሕዝብ እንዳይሰጥ ገምጋሚ ኮሚቴ በማቋቋምዎ አመሰግናለሁ። ሦስቱ የተከበሩ አባላት አራት ጊዜ ተሰብስበው የደረሱበት ውሳኔ በሰሌዳው ላይ ስለተለጠፈ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «በካርታው ላይ የተመለከተው አገር በየትኛውም አትላስ ላይ ሊገኝ ስላልቻለ፣ አሳታሚው እርማት እስኪልክ ድረስ መጽሐፉ ከውሰት ታግዶ ይቆይ» ይላል። አሳታሚው ምን ብሎ እንደሚያርም ባላውቅም፣ አንድ አገር ፈጥሮ እስኪልክልን ድረስ ጥቂት መዘግየቱ አይቀርም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በቅጽ ሁለት የተገኘው የዘንዶ እንቁላል ግን ከኮሚቴዎ ቀድሞ ተፈልፍሎ፣ ጥርስ አብቅሎ፣ ሁለት ቤተ መንግሥት አቃጥሎ፣ አሁን ልጆቹን እያሳደገ ነው።

፫ኛ፦ «ለዕድሜሽ የሚመጥን አንብቢ» ብለው በምትኩ «የአፈር መሸርሸርና መከላከያው» የሚለውን መጽሐፍ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ለአያቴ አንብቤላቸዋለሁ። በሁለተኛው ገጽ ላይ «በዚህ ውስጥ የሚሞተው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። አፈሩ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰብ አድርገው «ገዳዩ ከመጀመሪያው ገጽ ታውቋል፤ ምን ያጓጓል?» አሉ። መጽሐፉን በጊዜው መልሻለሁ።

፬ኛ፦ ወደ ዓይንዎ ደርሰናል። ክቡር ሆይ፣ ቅጽ ሰባት «በግምገማ ላይ» በሚባልባቸው በእነዚህ ሳምንታት ሁሉ ጠረጴዛዎ ላይ፣ ከሰማያዊው የፋይል ክምር ሥር ተቀምጦ አየዋለሁ። በውስጡም አንድ ቀይ ወረቀት አለ፤ መጽሐፍ ላዘገየ ሰው የሚላከው «የመመለሻ ጊዜው አልፏል» የሚለው ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ከፊት ሽፋኑ አንድ ጣት ያህል ገባ ብሎ ነበር። በአራተኛው ሰኞ ሦስት ጣት ሆነ። ባለፈው ሰኞ መጽሐፉን ከግማሽ በላይ አልፎት አየሁ። ኮሚቴው የሚመረምረው ካርታውን ነው፤ ካርታው ያለው ደግሞ የመጀመሪያው ቅጠል ላይ ነው። ታዲያ ወረቀቱ ያን ሁሉ መንገድ የሄደው አገሩን ፍለጋ ይሆናል ብዬ በቅን ልቦና ተረድቼዋለሁ። በሰባተኛው ሰኞ ዓይንዎ ቀልቶ፣ በእጅዎ መሐረብ ይዘው ሳገኝዎ ጸሐፊዎ በሹክሹክታ «የአሮጌ ፋይል አቧራ ነው» አለችኝ። ሰው እንዲህ የሚያስለቅስ ፋይል ካለ እሱንም ቢያውሱኝ ደስ ይለኛል። አባቶች ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ ሲሾም ያላነበበም እንዲሁ ሳይቆጨው አይቀርምና ደግ አደረጉ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ ይቅር ብያለሁ። እንዲያውም ወድጄዎታለሁ። በዚህ ከተማ ለአንድ ክንፉ የሚያለቅስ ሦስተኛ ሰው መኖሩን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

፭ኛውን ግን ምስጋና ማድረግ አቅቶኛል። ባለፈው ሰኞ ስለ አያቴ መሄድ ነግሬዎት፣ ለአሥር ቀን ብቻ ብዬ ስለምንዎ፣ መነጽርዎን አውልቀው በአባት ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ትዕግሥት ልመጂ። ዘንዶው እንኳ የተሻገረው ታግሦ ነው።»

የተሻገረው።

ጸሐፊዎ መተየቧን አቆመች። እርስዎም ያሉት ነገር ለራስዎ ሲሰማዎ ከሁለቱ ስልኮችዎ አንዱን አንሥተው «አቤት» አሉ። ያነሡት ከአምና ጀምሮ ገመዱ የተነቀለውን ነበር። ክብርዎን ለመጠበቅ ስል ንግግርዎን እስኪጨርሱ ጠብቄ፣ እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ ፊት የምቀመጠው ምሥጢር ተሸክሜ ነው። በየቀኑ «ይሻገር ይሆን?» ይሉኛል፤ እኔም እንጃ እላለሁ። ፊቴ ሲቀላ አለማየታቸውን አመስግኜ፣ በማመስገኔ ደግሞ አፍራለሁ። እሳቸው ድልድይ ሲሰበር መዞሪያ መፈለግ ነው፣ ባለ አንድ ክንፍ ፍጡር ደግሞ ከጥንትም ቸኩሎ አያውቅም ባይ ናቸው። ትናንት ግን ስለ መንገዱ አላወሩም። ሻንጣቸው አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር። «እሺ፣ ተሻገረ እንበል፤ ወዲያ ማዶ ማን ያነጋግረዋል?» አሉኝ። ስለ ዘንዶው እንደጠየቁኝ አድርጌ፣ የድልድይ ጠባቂዋ አለች ብዬ መለስኩላቸው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ቅጽ ሰባት እስከ ረቡዕ ቀትር ድረስ ውሰት ክፍል ይድረስልኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቀይ ወረቀቱ ከነበረበት ገጽ ሳይነቃነቅ እመልስልዎታለሁ። ከመጽሐፉ መለየት የሚከብድዎ ከሆነም (እንደሚከብድ ከማንም በላይ እረዳለሁ) ይዘውት እኛ ቤት ይምጡ። ሦስተኛ ወንበር አለን። አያቴ ከሾፌሩ ጀርባ እንዲቀመጡ ፈቅደዋል። ግዴታው ሁለት ብቻ ነው፦ ገና ስላልደረስንበት ነገር ቀድሞ መተንፈስ አይቻልም፤ እኔ ሲደክመኝ ደግሞ ተራ ይዘው ያነባሉ።

በአትላስ ላይ ባልተገኘው አገር በሙሉ ልቧ የምትኖር፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ዓይንዎ እንዲበረታ፣ ኮሚቴዎም ከስብሰባው በሰላም እንዲነሣ ዘወትር የምትመኝልዎ፣

ታዛዥዎ
የዘንዶዋ ልጅ
(ካርድ ቁጥር 2217፣ አንድም ቀን መጽሐፍ አዘግይታ የማታውቅ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአክስቴ ልጅ በምትኖርበት ከተማ ያለው ቤተ መጻሕፍት ቅጽ ሰባትን ልብ ወለድ ነው ብሎ በማመኑ፣ እሷ አንብባ ጨርሳለች። ሳልጠይቃትም መጨረሻውን በሙሉ፣ ማን እንደሚሞትና በስንተኛው ገጽ እንደሚሞት ጭምር ጽፋ በፖስታ ልካልኛለች። እኔ አልከፈትኩትም፣ አልከፍተውምም፤ አንባቢና አድማጭ እኩል ሳያውቁ መድረስ አለባቸው። ፖስታው ከዚህ ደብዳቤ ጎን፣ «ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ተለጥፏል። እስከ ረቡዕ ቀትር መጽሐፉ ውሰት ክፍል ካልደረሰ፣ እርስዎም እኛ ቤት ካልመጡ፣ ጥበቃው ጋሼ ከፍተው እንዲያነቡት ተስማምተናል። እኔ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ስለምሆን አልሰማም። ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው።