ያላየኋት ናይሮቢ

ሞያሌ

ለታናሽ እህቴ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ከሰላምታው አስቀድሜ ልጻፍልሽ፤ አለዚያ ወኔዬ ይከዳኛል። ገና ሳታገቢ ናይሮቢን አይቼ መጣሁ ያልኩሽ ውሸት ነበር።

አሁን እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? እናንተ ጋ ሶሎሎ ዝናብ ጥሏል ሲሉ ሰምቼ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም እንደዚህ ሳምንት ደህና ሆኜ አላውቅም።

ያን ጊዜ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ናይሮቢ በጭነት መኪና ሲወርድ ተከትዬው ሄድኩ። መንገዱ አንገላታኝና ገና ማርሳቢት ከተማ ስንደርስ ታመምኩ። ዘመዶቹ ቤት ትቶኝ ሄደ፤ ሲመለስም ከዚያው ወሰደኝ። ቤት ስገባ አንቺ ናይሮቢ ልብስ ስፌት ልትማሪ ሻንጣሽን አዘጋጅተሽ ጠበቅሽኝ። ያን ዓመት ባለቤቴ ከመንገድ አይመለስም ነበር፤ በቤቱ ውስጥ የሚሰማ የሰው ድምፅ ያንቺ ብቻ ነበር። ናይሮቢ መንገድ ስሻገር ጠፋሁ አልኩሽ። ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ፣ ነጠላዬን ከትከሻዬ መንትፈው ሮጡ አልኩሽ። ልብስሽን ከሻንጣው መልሰሽ ስታወጪ አጠገብሽ ቆሜ አየሁ።

አሁን ልጅሽ ሳሌም ደውላ ናይሮቢ ለነርስነት ትምህርት እንደተቀበሏት ነገረችኝ። "እማዬ ግን አክስትሽ በዓይኗ ያየችው አገር ነው፣ አትሄጂም አለችኝ" አለች። ቦታዋን የሚጠብቁላት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። እውነቱን ልነግርሽ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስለ ወገብሽ እየጠየቅሁ ስልኩን ዘጋሁ። በመጨረሻ ሄሉ ሰፈር ሱቅ ካላት ከደሚቱ ጋር የናይሮቢ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ደሚቱ ጨርቅ ከመግዛቷ በፊት አንድ ቀን ከተማውን አሳየችኝ። ሙዚየሙ ግቢ ማርሳቢት ጫካ ይኖር የነበረውን የዝነኛውን ዝሆን ሐውልት ሳይ፣ እሱ እንኳ ከማርሳቢት እዚህ ደርሷል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አንድ ረጅም ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጣን። ጠዋት ሙሉ "ባላገር!" ስትለኝ የዋለችው ደሚቱ ግድግዳውን ሙጥኝ ብላ "አንቺ ሴት፣ ተመለሺ! እኔ እንኳ ልጆች አሉኝ!" ትጮሃለች። እኔ እስከ አጥሩ ሄጄ ከተማውን በሙሉ ቁልቁል አየሁት።

ስንወርድ መንገድ ስንሻገር ተለያየን። የዋሸሁት ደረሰብኝ! በቆሎ የምትጠብስ ሴት በስዋሂሊዬ ጠየቅሁ። "ማማ፣ መጀመሪያ አረፍ በይ" ብላ ከበርጩማዋ ተነሳችልኝ፤ አልጋ ወደያዝንበት ኢስሊ ሰፈር የሚሄደው፣ ማታቱ የሚሉት ታክሲ የሚቆምበትንም አመለከተችኝ። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ "ማማ! ማማ!" እያለች ስትሮጥ ሰማኋት። ቦርሳዬን ጨብጬ ፈጠንኩ። ደረሰችብኝና በርጩማው ላይ ረስቼው የሄድኩትን ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋልኝ፣ "ከኔ ነው እንዴ የምትሸሺው? በቆሎዬ እያረረ ነው!" ብላ ተቆጣችኝ። እዚያው ቆሜ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

የማታቱን ሰሌዳ ራሴ አንብቤ ተሳፈርኩ። አልጋ ቤቱ ከደሚቱ ቀድሜ ደረስኩ። እያለከለከች ስትገባ "ምነው ቆየሽ? ጠፋሽ እንዴ?" አልኳት።

እህቴ፣ ናይሮቢን አየኋት። ጫጫታዋ ጆሮ ይበጥሳል፣ ሰዉ ይጣደፋል፤ ስትጠይቂው ግን ቆሞ ይመልስልሻል። ያንቺን ዕድሜ ልመልስልሽ አልችልም። ልትቆጪኝ ከፈለግሽ ነይና ደጄ ላይ ቆመሽ ተቆጪኝ፤ በሩን አልዘጋም። ሳሌምን ግን ልቀቂያት።

እግዚአብሔር ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ከብቶችሽን ያርባልሽ፣ የልጅሽን ወግ ያሳይሽ።

ታላቅ እህትሽ

ፊደል ስለማታውቂ ጮክ ብሎ የሚያነብልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ለጎረቤት አታሰሚው። ፖስታው ላይ የአንባቢሽን ስም ጽፌያለሁ፤ ይህን ወረቀት ተቀብላ የምታነብልሽ፣ በየእረፍቱ እዚህ እየመጣች ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅሽ ሳሌም ናት።