ዘሩ፣ መርጫውና መድኃኒቱ

ኅዳር 9
ሱቁ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። ከሰዓት ባለቤቱ አሕመዲን ከደሴ የተባይ መድኃኒት አስጭኖ መጣ። "ለብቻው አይሄድልንም። ከቃሪያ ዘሩና ከጀርባ መርጫው ጋር አጣምረሽ ሽጪው፤ ሦስቱን ለወሰደ ቅናሽ አለው።" ካርቶን ላይ ጽፌ በር ላይ ሰቀልኩ። ጽሑፌ ሲያምር...

ኅዳር 17
ሰው ወደደው። የአርዲቦ ገበሬዎች በባጃጅ እየጫኑ ሄዱ። አሻግሬም ወሰደ፤ ማሳው ከአጎቴ ከኑርዬ ጓሮ ጋር ይዋሰናል። "መቼ ነው የምረጨው?" አለኝ። "ተባይ ስታይ" አልኩት። በቃ፣ ይኼንኑ ብቻ።

ጥር 21
አጎቴ ደወሉ። "ኢልሀም፣ ንቦቼ ረገፉ።"

ጥር 22
አርዲቦ ደርሼ መጣሁ። ከየቀፎው ሥር መሬቱ ጠቁሯል። ያልሞቱት መብረር አቅቷቸው ይድሃሉ። አጎቴ ቁጭ ብለው ያያሉ። አሻግሬ አጥሩ ጋ ቆሞ "ቃሪያው አበባ ላይ ነበር፤ ተባይ አየሁ፣ ረጨሁ። ምን አጠፋሁ?" አለ።
"ምንም። የአላህ ውሳኔ ነው" አሉት።
አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የተማርኩት በማሩ ነው። መድኃኒቱን የሸጥኩት እኔ መሆኔን ያውቁ ይሆን? አልጠየቁኝም። እኔም ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

ጥር 24
ለአሕመዲን ነገርኩት። "አበባ ላይ እንዳይረጩ እንንገራቸው። ዘር ብቻ ለሚፈልግም ዘር ብቻ እንሽጥለት።"
"ካስፈራራሻቸው ማን ይገዛል?" አለና "ንብ ካለቀባቸው ግን... ቀፎስ ለምን አናመጣም?"
የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

ጥር 30
እሱ በሌለበት ለገዢው ሁሉ እናገራለሁ፦ አበባ ላይ አትርጩ። ዛሬ ሽታው የሚባል ገበሬ ሳቀብኝ። "ተባዩ የሚመጣው በአበባው ጊዜ ነው እኮ! ታዲያ ምን ልሁን?"

የካቲት 12
ቀፎዎቹ መጡ። ከመድኃኒቱ ጎን ደርድሪ አለኝ። ደረደርኩ።

የካቲት 18
አጎቴ ሱቅ መጡ። ቀፎዎቹን ቆመው ሲያዩ ቀረብ አልኳቸው። ንብ እንደገና ሊጀምሩ ነው ብዬ...
"ለአሻግሬ የሰጠሽውን ለኔም ስጪኝ። የመስኖው ውሃ ሳይቀንስ ቃሪያ ልሞክር።"
ያውቁ ነበር ማለት ነው።
"ንቡስ አጎቴ?"
"በዙሪያዬ ሁሉም እየረጨ? ተይው ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ መሬቱ አለ።"
"ይቅር ይበሉኝ" ልል ነበር። እሳቸው ግን መርጫውን ለመሞከር ጀርባቸውን ሰጡኝ። ማንገቻው ለትከሻቸው ሰፋ።
አጠበቅሁላቸው።