ከሂሳቡ ጋር አይገናኝም

ለእታለም፣ ለታላቅ እህቴ፤

እንዴት ነሽልኝ? ያ ጉልበትሽስ? አሁንም ደረጃ ስትወጪ ታማርሪያለሽ ወይስ ሐኪሙን ሰማሽው? ልጆችሽን ሳሚልኝ። እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ክፍል እገባለሁ፤ ደህና ነኝ ግን አልልሽም።

ባለፈው ስለ ማብራሪያ ደብተሩ በኩራት ጽፌልሽ ነበር። ተማሪዎቼ ቁጥር ብቻ ደርድረው እንዳያመልጡኝ፣ እያንዳንዱን ስሌት ከራሳቸው ኑሮ ምሳሌ አምጥተው በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱ አዝዣለሁ ብዬሽ። ሠራልኝ እኮ! አፍ የሌለው የሚመስለው ሁሉ ገጽ ሙሉ ይጽፍ ጀመር። ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር «አንተ ሰውዬ፣ ሂሳብ ነው ድርሰት የምታስተምረው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ምነው ያኔ እጄን በሰበረው!

ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ድምጿ ስለማይሰማ ጓደኞቿ «ሹክሹክታ» ይሏታል። ስለ ፍጥነትና ርቀት ጻፉ ስላቸው እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት በእንጨት መሰንጠቂያው በኩል 900 ሜትር ነው። በደቂቃ 60 ሜትር ብሄድ 15 ደቂቃ ይፈጅብኛል። በገበያው በኩል ግን 2100 ሜትር ስለሆነ 35 ደቂቃ። እኔ የምመጣው በገበያው በኩል ነው፤ ምክንያቱም መሰንጠቂያው በር ላይ አንድ ሰውዬ ቆሞ መንገድ ይዘጋብኛል።»

እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ስሌቷን አየሁ፤ ልክ ነው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በቀይ አሰመርኩባትና «ከሂሳቡ ጋር አይገናኝም» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥር ሰባት። ይህም አልበቃኝ ብሎ፣ አርፍዳ ስትመጣ ክፍሉ ፊት አቁሜ፣ አጭሩን መንገድ ራስሽ አስልተሽው ምን ያዞርሻል አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። እሷ መሬት መሬቱን አየች።

በሳምንቱ «ከዛሬ ጀምሮ በአጭሩ መንገድ እመጣለሁ፤ 15 ደቂቃ» ብላ ጻፈች። አሥር ከአሥር ሰጠኋት፤ «ጎበዝ!» ብዬም ጨመርኩበት።

በሦስተኛው ቀን ሳትመጣ ቀረች። ሰውየው መሰንጠቂያው ውስጥ አስገብቶ ጎዳት፤ እንዴት አትበይኝ፣ እጄ አይጽፈውም። ሐኪም ቤት ተኝታለች። ልጠይቃት ስሄድ እናቷ በሩ ላይ አግኝታኝ «መምህር፣ ልጄ እኮ ስለ እርስዎ አውርታ አትጠግብም» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰውየው ተይዟል፤ ግን ከዚያ ቀን በፊት ልጅቱን አይቻት አላውቅም ይላል። እሷ አትናገርም። ውሸቱን የሚያጋልጠው ያ ደብተር ብቻ ነው፤ ደብተሩ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ርዕሰ መምህሩ በር ዘግቶ «ደብተር የሚባል ነገር አላየህም። ያንተ ቀይ እስክሪብቶ ነው እኮ ያለበት! ትምህርት ቤቱንም ራስህንም ገደል አትክተት» አለኝ። አራት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፣ እታለም። አራት ቀን! ፈሪ ነኝ።

በእነዚህ ቀናት ሳስብ የነበረው ደግሞ ስለ አንቺ ነው። ልጆች ሳለን ትምህርት ቤት ስንሄድ እጄን ይዘሽ በወፍጮ ቤቱ በኩል ታዞሪኝ ነበር። እግሬን አመመኝ ብዬ ለእማዬ ያሳበቅሁብሽ እኔ ነኝ። እማዬ ጆሮሽን ቆነጠጠችሽ፤ ከዚያ በኋላ በአጭሩ ሄድን። እኔ እኩለ ቀን ላይ እለቀቅ ነበር፤ አንቺ ከሰዓት ብቻሽን ነበር የምትመለሺው። ወሩ ሳይሞላ ትምህርት ተውሽ። «ሂሳብ ከብዷት ነው» ተባለ፤ እኔም አመንኩ። ማካፈልን ያስተማርሽኝ ግን አንቺ ነሽ። ሂሳብ መቼ ከበደሽ?

ነገ ጠዋት ደብተሩን ለፖሊስ እሰጣለሁ። ይህ ሲደርስሽ መምህርነቴ ቀርቶ ይሆናል፤ ይቅር። ለልጅቷ ግን ያቺን ትንሽ ድምጿን እንኳ አይመልስላትም።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ከልጆችሽ ጋር ያኑርሽ። ከፈለግሽ ብቻ፣ ያኔ ለምን ታዞሪኝ እንደነበር በራስሽ ቃል ጻፊልኝ። ይርዘም፣ ይዘበራረቅ፤ አላሰምርበትም።

ያሳበቀብሽ ታናሽ ወንድምሽ